ሥነ ጥበብ በጉና ግርጌ

ጥበብ በዓይንና በጆሮ የምትገባ ናት። መጽሐፍ ያጸናታል፥ መምህርም ያቀናታል፤ ነገር ግን ዓይን አጥብቆ ያላየውን እጅ ሊሥለው፥ ጆሮም ያልለመደውን ጉሮሮ ሊያዜመው አይችልም። ስለዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚሰጥበት ስፍራ እንደ መምህሩ ሁሉ ታስቦበት ሊመረጥ የሚገባው ነው። ተማሪው ከደጅ ሲወጣ ተራራ የሚያይበት፥ በእግሩ ተዘዋውሮ ልቡን የሚያሳርፍበት አገር ቢሆን፥ ዕረፍቱ ራሱ ትምህርት ይሆንለታል።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ መንገዱን ከተቀበለ በኋላ ለብቻው ወደ ዱር ወጥቶ፥ ከዛፍ ጥላ ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማልም። ጸጥታው ልቡናን ይሰበስባል፤ በዓይን የሚታየውም ፍጥረት ለሰሙና ለወርቁ ምሳሌ ይሰጣል። በሌላውም ዓለም ይህንኑ የተረዱ አሉ። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ በ1933 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በበረዷማ ተራሮች መካከል ባለችው በባንፍ ከተማ የቴአትር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከዚያም ሥዕልና ሙዚቃ ተጨምሮበት እስከ ዛሬ የታወቀ የጥበብ ማዕከል ሆኖአል። አገሩ ለተራራ ተጓዦች መዝናኛ መሆኑ ትምህርቱን አልጎዳውም፤ ይልቁንም አሳመረው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የሥዕል ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአቶ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በእርሳቸው ስም ይጠራል። የሙዚቃውም ትምህርት ቤት በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰይሞ በዚያው ከተማ ይገኛል። የሁለቱም ውለታ ትልቅ ነው። ሆኖም ከጋይንት ወይም ከስማዳ የተነሣ ወጣት በያሬድ ስም የተጠራውን ትምህርት ቤት ለማግኘት ሲል፥ የያሬድ ድጓ የሚመሰከርባትን ቤተልሔምን ከኋላው ትቶ ወደ ዋናው ከተማ መጓዝ ግድ ሆኖበታል። ነገሩ ውሃ የተጠማ ሰው ምንጩን ተሻግሮ ወደ ገበያ እንደ መሄዱ ነው።

ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በስተ ምሥራቁ ጋይንት፥ በስተ ደቡቡ እስቴ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም አልፎ ስማዳ እስከ አባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ ይዘልቃል። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ መማሪያ ከየት ይገኛል? ከላይ ጅብራና ጓሳ የበቀለበት ውርጭ፥ ከታች የቆላ ሙቀት አለ፤ በአንድ ቀን መንገድ ብርሃኑም ቀለሙም ይለዋወጣል። በዚህ ተራራ አጠገብ በደብረ ታቦር ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቆሞአል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ በንፋስ መውጫ በኩል ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል።

ከተራራውም ይልቅ የሚበልጡ መምህራኑ ናቸው። በየአውራጃው ድጓ የተማረ ሁሉ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም በዙር አምባ ያስመሰክራል፤ ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ቅዱስ ያሬድ ራሱ በዙር አምባ አስተምሮአል። ድፋቱን፥ ሂደቱን፥ ቅናቱን፥ ርክርኩን ለይቶ የሚያርም መምህር፥ ምስክርነቱ በሌላው ዘንድ ዲግሪ ከሚባለው የሚያንስ አይደለም። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ አገር ሀብት ምሳሌ ትሆናለች። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ከውጭ ክብ ሆኖ በሚታየው ሕንጻ ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈ። የአገሩ ካህናት ግን ዘወትር ሲቀድሱበት የኖሩ ናቸው። ባለቤቱ የሚያውቀውን ሀብት እንግዳ እስኪጽፈው ድረስ መጠበቅ ለተማረ ትውልድ አያስመሰግንም።

እንግዲህ የሚሻለው በደብረ ታቦር የሚሰጠው የሥነ ጥበብ ትምህርት ተደራጅቶ ተማሪውን ከአዳራሽ ወደ ጉናና ወደ አድባራቱ የሚያወጣ ቢሆን ነው። የሥዕል ተማሪ ብራና ፋቂውን፥ ቀለም በጥባጩን፥ በግድግዳ ያለውንም ሥዕል ተመልክቶ ይማር። የሙዚቃ ተማሪ ከመሪጌታው እግር ሥር ይቀመጥ። መሪጌታውም ሊቅነቱ ታውቆ የመምህርነት ክብርና ደመወዝ ያግኝ።

በዚህ ላይ ሁለት ስጋት ይነሣ ይሆናል። ካህናት የተቀደሰው ነገር መጫወቻ እንዳይሆን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በደጀ ሰላም እንደ ደቀ መዝሙር እንጂ እንደ ባለቤት አይግባ፤ ሳይፈቀድለት አይቅዳ፥ አንዳችም ቅርስ ከስፍራው አያንሣ። ሹማምንት ደግሞ ወጪውን ያስባሉ። ነገር ግን ተራራው ያለ ክፍያ ቆሞአል፤ የሚጐድለው ወረቀት፥ ቀለም፥ የተማሪ ማደሪያና የመምህራን ቀለብ ነው። ይህም ትልቅ አዳራሽ ከማሠራት የቀለለ ነው።

መዘግየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ በቃል ብቻ የተያዘ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቀን ሊቀበር እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። ጉናም እርሻው ወደ ላይ እየወጣበት፥ አፈሩ እየታጠበ፥ ጓሳውና ጅብራው እየሳሳ ነው። ሠዓሊው ተራራውን ሲሥል ሌላው ይወደዋል፤ የወደደውንም ይጠብቀዋል። ይህም ሁሉ የሚሆነው ተማሪ በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚገባበት መንገድ ሲኖር ነውና፥ ጥበብን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ለሰላም ይድከም። ሹማምንት መንገዱን፥ ካህናትም ደጁን ቢከፍቱ፥ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ልጅ የአባቶቹን ጥበብ በአገሩ ተራራ ሥር ተምሮ ለሌላው የሚያስተምር ይሆናል።