የቤታችሁ ኮምፒውተር ዛሬ ማታ ቢበላሽ ምን ታጣላችሁ?

ስለ ቤት ኮምፒውተር አጠቃቀም በምንጨዋወትበት በዚህ ገጽ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ፣ ብዙዎቻችን “ነገ አደርገዋለሁ” እያልን የምናሳልፈው ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱት አልነሣም ቢላችሁ ምን ታጣላችሁ? ስለ ማሽኑ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ማሽን ውድ ቢሆንም በገንዘብ ይተካል። ጥያቄዬ በውስጡ ስላለው ነው።

እኔ መልሱን የተማርኩት በጸጸት ነው። አባቴ ከማረፉ ከአንድ ዓመት በፊት የሕይወቱን ታሪክ እንዲያጫውተኝ ለምኜው፣ ስድስት ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን ቀዳሁ። ልጅነቱን፣ ከትውልድ መንደሩ በእግሩ ወጥቶ ከተማ የገባበትን ቀን፣ እናታችንን እንዴት እንዳገኛት ሁሉንም ነገረኝ። ቀረጻውን ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩና “አንድ ቀን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ አባዝቼ እሰጣቸዋለሁ” አልኩ። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ አባቴ አረፈ። ከወራት በኋላ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩ ግን “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ እያሰማ ሳይነሣ ቀረ። ባለሙያ ዘንድ ብወስደው “ሃርድ ዲስኩ ሞቷል” ተባልኩ።

ደግነቱ ሐዋሳ የምትኖረው እኅቴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ፣ “የአባዬን ድምፅ ልጆቼም ይስሙት” ብላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶች በፍላሽ ዲስክ ገልብጣ ወስዳ ነበር። ዛሬ ቤተሰባችን ያለው እነዚያን ሦስቱን ብቻ ነው። የቀሩት ሦስት ምሽቶች የሉም።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል፣ እንዳለ አይቆጠርም።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይሞታል?

በቆዩት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። መረጃውን የሚያነበው ክፍል ሳህኑን ሳይነካ በዐይን በማይታይ ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። ሲወድቅ፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥበት ወይም ዕድሜው ሲገፋ ሊበላሽ ይችላል። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች የሚገጠመው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፈጣንና መውደቅን የሚችል ነው። ሆኖም እርሱም ይሞታል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዳች ምልክት ሳያሳይ። ስለዚህ ጥያቄው “ይበላሽ ይሆን?” ሳይሆን “በሚበላሽበት ቀን ቅጂ ይኖረኛል ወይ?” የሚል መሆን አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ብዙ ገንዘብም ሆነ ልዩ ዕውቀት አይጠይቁም።

1. የማይተካውን ለይታችሁ አንድ ቦታ ሰብስቡ

ፊልም፣ መዝሙርና ፕሮግራም ቢጠፋ ከሌላ ሰው ይገኛል። የሠርጋችሁ ፎቶ፣ የልጃችሁ የመጀመሪያ እርምጃ፣ ስካን የተደረገ የትምህርት ማስረጃና የቤት ካርታ፣ የዕድር ወይም የመዘምራን መዝገብ ግን ከየትም አይመጣም። “ቤተሰብ” የሚል አንድ ፎልደር ክፈቱና እነዚህን ብቻ በዚያ ውስጥ በየዓመቱ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዴስክቶፕ ላይ እና “ዶክዩመንትስ” ውስጥ የምታስቀምጡት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ዊንዶውስ በተጫነበት በሲ ድራይቭ ላይ ነው። ኮምፒውተራችሁን “ዊንዶውስ ይጫንልኝ” ብላችሁ ስትሰጡና ባለሙያው ሲን ፎርማት ሲያደርግ፣ ያ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከመስጠታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ፤ ለባለሙያውም የትኛው ፎልደር እንዳይነካ እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩት።

2. ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ

በሙያው የታወቀው ደንብ ይህ ነው። አንዱ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ራሱ ነው። ሁለተኛው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ዲስክ ይሁን። ሦስተኛው ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ፤ ሌባ ወይም እሳት ቤት ቢገባ ኮምፒውተሩንም አጠገቡ ያለውን ዲስክም አንድ ላይ ይወስዳልና። እናታችሁ ቤት፣ የእኅታችሁ መሳቢያ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድማችሁ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቦታ ይፈጃል ብላችሁ አትፍሩ። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ቢሆን፣ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ዲስክ ከ10,000 በላይ ፎቶዎችን ይይዛል። ነገር ግን ፍላሽን ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ዘግታችሁ አትርሱት። መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ ሳይሰካ ብዙ ዓመት ከቆየ ሊደክም ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሰክታችሁ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዩ።

ዘመድ ዘንድ በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ፎቶውን “ፋይል” ብላችሁ ላኩት። በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ እንዲያንስ ስለሚጨመቅ ጥራቱ ይቀንሳል። በኢንተርኔት ላይ፣ ለምሳሌ በጉግል ድራይቭ የምታስቀምጡም ፓስዎርዱን ጠንካራ አድርጉ፤ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርም ዛሬ የምትይዙት መሆኑን አረጋግጡ። ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ካልተከፈተ፣ በውስጡ ዕቃ መኖሩ ምን ይጠቅማል?

3. ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ንቀሉት

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን መታ። የሰዎችን ፋይል ቆልፎ፣ “ልክፈትላችሁ፤ 300 ዶላር ክፈሉ” ይል ነበር። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ ታካሚ እስከ መመለስ ደረሱ። እንዲህ ያለ ቫይረስ ሲገባ የሚያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ የተተወ የመጠባበቂያ ዲስክንም ጭምር። የተነቀለውን ዲስክ ግን አያገኘውም።

ማይክሮሶፍት ለዚያ ክፍተት መዝጊያውን ያወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም። “አፕዴት” የሚለውን መልእክት ሁልጊዜ የምናሰናብት ሰዎች ከዚህ እንማር። በነገራችን ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የሚችል ከሆነ ቀይሩት። የማይችል ከሆነ ደግሞ ቅጂ መያዙ ለእናንተ ከማንም በላይ አስፈላጊ ነው።

4. ፍላሹን ሰክታችሁ ወዲያው አትክፈቱ

ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት የገባ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መመለሱ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። ወደ ቤት ስትመለሱ መጀመሪያ በአንቲ ቫይረስ አስፈትሹት። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የሚባለው አብሮ የመጣ ስለሆነ ለብቻው መግዛት የግድ አይደለም።

ፎልደሮቻችሁ በድንገት ወደ “ሾርትከት” ተለውጠው ብታገኟቸው አትደንግጡ፤ ሾርትከቱንም አትጫኑት። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። “ፍላሹ ተበላሽቷል” ብላችሁ ፎርማት ካደረጋችሁት ግን ያለውንም ታጠፋላችሁ። መጀመሪያ ቫይረሱን አስጠርጉ፤ ቀጥሎ የተደበቁትን ፋይሎች እንዲያወጣላችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

5. ከመብራት ጋር በጥበብ ኑሩ

መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉት። እንደተመለሰም ወዲያው አታብሩት፤ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ማለቱን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። አቅም ካላችሁ ዩፒኤስ ግዙ። ዩፒኤስ ግን ለሰዓታት መሥሪያ አይደለም። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በወጉ እንድትዘጉ የጥቂት ደቂቃ ፋታ የሚሰጥ ነው። ባትሪውም ያረጃልና መብራት ሳይጠፋ አልፎ አልፎ ሞክሩት።

ስትጽፉም በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤስን የመጫን ልማድ ይኑራችሁ። ወርድ በራሱ ለማዳኛ የሚይዘው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ዐረፍተ ነገር እንደሚጻፍ እናንተው ታውቃላችሁ።

6. ፋይል ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

በስሕተት ዲሊት ያደረጋችሁትን መጀመሪያ “ሪሳይክል ቢን” ውስጥ ፈልጉ። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን ብዙውን ጊዜ ወደዚያ አይገባም። ቢሆንም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ላይ ሲሰረዝ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ በላዩ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር በማዳኛ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ዕቃ ላይ ምንም ሳትጨምሩ ባለሙያ ፈልጉ። በኤስኤስዲ ላይ ግን ይህ ተስፋ በጣም ጠባብ ነው።

ሃርድ ዲስኩ “ቀጭ፣ ቀጭ” ማለት ከጀመረ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። “እስኪ አንድ ጊዜ ልሞክር” እያላችሁ ደጋግማችሁ ማስነሣት የተረፈውን ይጨርሳል። እኔ ያን ምሽት አምስት ጊዜ ሞክሬ ነበር።

7. የአማርኛ ጽሑፋችሁ ነገም የሚነበብ ይሁን

ቀደም ባሉት ዓመታት በአማርኛ የተየብናቸው ብዙ ጽሑፎች የየራሳቸውን ፎንት የሚጠይቁ ነበሩ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆነው ይታያሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ላይ ያለ ችግር ይነበባል። የቆየ ደብዳቤ ወይም የቤተሰብ ታሪክ በድሮው ፎንት ካላችሁ፣ ፎንቱ ያለው ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት፤ አንድም በወረቀት አትሙ።

ቀን ቁረጡለት

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው “ሲመቸኝ” በምትለው ቃል ነው። ስለዚህ ቀን ቁረጡለት። በእኛ ቤት ደመወዝ ከተቀበልን በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ትልቁ ልጄ ዲስኩን ከቁም ሣጥን አውጥቶ “ቤተሰብ” የሚለውን ፎልደር ይገለብጣል፤ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍቶ ይፈትሻል፤ ከዚያም ነቅሎ ይመልሰዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቅጂ ሐዋሳ ይሄዳል። ልጆችን በዚህ ሥራ ማሳተፍ ሌላም ጥቅም አለው። የሚገለብጡት ነገር የማን እንደሆነ፣ በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መጠየቃቸው አይቀርም።

እኅቴ ያኔ ፍላሹን ስትሰካ ስለ ሃርድ ዲስክ ዕድሜ አላሰበችም። የአባቷን ድምፅ ለልጆቿ ማድረስ ብቻ ነበር የፈለገችው። የተረፈልንም እርሷ ያካፈለችው ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ብታጡት የምታለቅሱለትን አንድ ፋይል አስቡና ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡት። የቀረውን ቅዳሜ ትደርሱበታላችሁ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።