ወደ ምድር ውስጥ የሰረገ መርዝና የአፈር ናሙና አወሳሰድ

የተባይ መድኃኒት ለብዙ ዘመን የተከማቸበት መጋዘን ባዶ በሆነ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከዛገው በርሜል ሲፈስ የኖረው መርዝ ከወለሉ በታች ይቀራል። በምሥራቅ አፍሪካ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. አንበጣን ለማጥፋት ይረጭ የነበረው ዲልድሪን፥ እንዲሁም ዲ.ዲ.ቲ.፥ በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አስቀድሞ ከዘረዘራቸው ዐሥራ ሁለት መርዞች መካከል ናቸው። በእንዲህ ያለ መጋዘን አጠገብ የውሃ ጉድጓድ ያለው ገበሬ ሊጠይቅ የሚገባው፥ መርዙ ምን ያህል ጠልቋል ብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የማዳበሪያ መርማሪዎች የለመዱት ዘዴ መልስ አይሰጥም። እነርሱ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሳንቲሜትር ያለውን አፈር ወስደው በአንድ ባልዲ ይደባልቃሉ። የማሳው አማካይ ለምነት ይታወቅ ዘንድ ይህ መልካም ነው። መርዝ ሲፈለግ ግን ድብልቁ አንዱን ክፉ ቦታ በዘጠኝ ንጹሕ ቦታ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በታች ያለውንም ከቶ አይነካም።

የእጅ መሰርሰሪያ ጥልቀቱን ይደርሳል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በወረደ ቁጥር የላዩን አፈር ከጉድጓዱ ግድግዳ እየፋቀ ወደ ታች ይጥላል። በ2 ሜትር ላይ የተገኘው መርዝ በእውነት የሰረገ ይሁን ወይም መሰርሰሪያው ያወረደው መለየት ያስቸግራል። ተመትቶ የሚገባ የብረት ቧንቧ ግን አፈሩን እንደ ተደረደረ ያወጣዋል፤ እያንዳንዱም ንብብር ለብቻው ይመረመራል።

በዋልካ አፈር ላይ ይህ ልዩነት እጅግ ይከብዳል። ዲ.ዲ.ቲ. ከአፈር ጋር ተጣብቆ ከላይ ይቀራል የሚለው ትምህርት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በበጋ የተሰነጠቀ ዋልካ የመጀመሪያውን ዝናብ ከነመርዙ በስንጥቁ በኩል ቁልቁል ይሰደዋል። መርዙ በዘይት የተበጠበጠ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቧንቧ ስንጥቁን ሊስተው ስለሚችል በብዙ ስፍራ መምታት ያስፈልጋል።

ከአፈር ውስጥ አየር መጥጦ መመርመርም አለ። ከማደያ ጋን ለፈሰሰ ቤንዚን ፈጣንና ርካሽ ነው፤ በቀላሉ ለማይተነው ለዲ.ዲ.ቲ. ግን አይረባም።

ለዐሥር ምርመራ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት፥ ከመቶ ቦታ ደባልቆ ከሚልክ ይልቅ በርሜሎቹ በቆሙበትና ውሃው በሚወርድበት በኩል ሁለት ሦስት ቧንቧ ቢመታ፥ ናሙናውንም ጥልቀቱ በተጻፈበት የብርጭቆ ዕቃ ለየብቻ ቢልክ ይሻለዋል።