ከቦሌ ሚካኤል እስከ እንጦጦ፦ ተራራው የሚመልሰውና መንገዱ የሚያስቀረው

እሑድ ማለዳ፣ ቀለበት መንገዱ ገና ሳይጨናነቅ፣ ከቦሌ ሚካኤል በብስክሌት ተነሥተን በመስቀል አደባባይ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ዋናው ዳገት ከዚያ ይጀምራል። የባሕር ዛፉ ሽታ ሲቀበለን የመኪናው ጩኸት ወደ ኋላ እየራቀ ይሄዳል፤ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ስንደርስ የምንሰማው የራሳችንን ትንፋሽና የካቴናውን ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዞ ለጓደኞቻችን ስናወራ የምናገኘው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ ዳገት ናት፤ አየሯም የሳሳ ነው፤ ለብስክሌት አትሆንም።» እኛ በዚህ አንስማማም። ክሱ በተራራው ላይ የቀረበ ነውና በክፍል ውስጥ በተማርነው ፊዚክስ እንመርምረው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ እንጦጦ ማርያም ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱን 700 ሜትር እንበለው። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ሥራ 550 ኪሎ ጁል ያህል ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ብንወጣው ለዚህ የሚያስፈልገን አቅም 100 ዋት ገደማ ይሆናል፤ አያቶቻችን ሳሎን ውስጥ ይሰቅሉት የነበረው ባለ ክር አምፖል የሚወስደው ማለት ነው! ጡንቻችን ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ በእርግጥ የምናቃጥለው 2,200 ኪሎ ጁል ያህል ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ በብርድ ማለዳ ላብ የሚያጠምቀን እርሱ ነው።

ስበት ግን ዕዳውን የሚከፍል ባላጋራ ነው። ዙሩን ጨርሰን ቤታችን በር ላይ ስንቆም፣ ስበት በእኛ ላይ የሠራው ሥራ ድምሩ ዜሮ ነው። ስንወጣ የወሰደውን ስንወርድ ይመልሳል፤ በቁልቁለቱ ላይ የሚያባክኑት አየሩና ፍሬኑ ናቸው። (ፍሬኑን ሳያስፈትሽ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል። ጎሚስታው ጎማ እንጂ አጥንት አይጠግንም።)

አየሩስ? እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ነገር ግን የአየሩ እፍግታ ሲቀንስ በሜዳ ላይ ብስክሌቱን የሚገታው የአየር ተቃውሞ አብሮ ይቀንሳል። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም የማራቶን ወርቅ ያገኘባት ሜክሲኮ ሲቲ፣ ከቦሌ ጥቂት ዝቅ የምትል ከተማ ናት። ቤልጂጋዊው ኤዲ ሜርክስ በጥቅምት 1965 ዓ.ም በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ለመስበር የመረጣት ያንን የሳሳ አየር ፈልጎ ነበር። እኛ የምናማርርበትን አየር እርሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ፈለገው።

ስለዚህ ተራራው ነጻ ነው። ከአራት ኪሎ በታች ያለው መንገድ ግን አይደለም።

ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያስገባል፤ አጥብቆ ፔዳል የሚመታ ግን ከ80 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። ከሲኖትራክ ጭስ ማውጫ ኋላ ዳገት የሚገፋ ተማሪ፣ በመስኮት ከሚያየው ተሳፋሪ አሥር እጥፍ አየር ይስባል ማለት ነው። የመኪና ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ደግሞ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የብስክሌተኛው የጎድን አጥንት እንደነበረው ነው።

ከመካከላችን አንዱ እንጦጦን ብዙ ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፤ እዚያ አንድም ቀን አልወደቀም። የወደቀው ከቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይርቅ ሜዳ መንገድ ላይ፣ የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፍቶበት ነው። ክንዱ ተሰበረ። እናቱ ብስክሌቱን ጓዳ አስገብተው ቆለፉበት፤ እኛም ተሳስተዋል ለማለት አልደፈርንም።

ይህች አገር ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ሜልቦርን ከተላኩት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሲመጣ የተካሄደው በኮረብታማዋ ኪጋሊ ነው፤ ዳገቱ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የውድድሩ ጌጥ ሆነ።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በከተማችን የብስክሌት መስመሮች መሠራታቸውን ደስ ብሎን አይተናል። ሆኖም የኤሌክትሪክ ዑደት አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ፣ ሽቦው የቱንም ያህል ቢያምር አምፖሉ አይበራም። የሚያምር መስመር አደባባይ ላይ ሲደርስ ከጠፋ፣ ነጂውን ከሚኒባስ ጋር የሚያፋጥጠው በጣም አደገኛ በሆነው ቦታ ነው። እኛ የምንጠይቀው ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ቅጥልጥል ነው፤ በመስቀለኛ መንገዶች ላይ የማይቋረጥ መስመር፣ በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ 30 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ወሰን፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢም ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት።

አንባቢያንም ማገዝ ይችላሉ። ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን መንገድ በእግር ሂዱና መስመሩ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት መኪና እንደቆመበት በወረቀት ላይ አስፍሩ። እኛ የቦሌ ሚካኤሉን ጀምረናል፤ ክንዱ የዳነው ጓደኛችን በእግሩ እየሄደ ይመዘግባል።