«ቤተሰብ ነበሩ» ይሉናል

የባርነት ነገር በተነሳ ቁጥር ከኪሳችን የምናወጣቸው ሦስት መልሶች አሉ። አንደኛው፦ «እኛ ጋ እኮ እንደ አሜሪካ አልነበረም፤ ባሪያው ቤተሰብ ነበር፣ ክርስትናም ይነሳል።» ሁለተኛው፦ «ንግዱን ያጧጧፉት ዓረቦች ናቸው።» ሦስተኛው ደግሞ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፦ «ይህ የጣሊያን ወሬ ነው።»

በሦስቱም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ክፋታቸውም እሱ ላይ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን አይቆዩም ነበር።

እስቲ ከቤተሰቡ እንጀምር። ጌታው ሲሞት የሚወረስ፣ ልጅ ሲዳር ከከብቱ ጋር የሚሰጥ፣ ሲቸግር ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው? ከባሪያ እናት የተወለደው ልጅ «የቤት ውልድ» ይባል ነበር። ለጆሮ ይለሰልሳል፤ ሲተረጎም ግን ሳይገዙት የተገኘ ንብረት ማለት ነው። «ጨዋ» የሚለውንም ቃል ልብ በሉ። ዛሬ ልጅን «ጨዋ ሁን» ስንል ሥርዓት ያዝ ማለታችን ነው። ድሮ ግን የጨዋ ተቃራኒ ባለጌ ብቻ ሳይሆን ባሪያም ነበር። ጨዋ ማለት ዘሩ ነጻ የሆነ፣ ያልተሸጠና ያልተለወጠ ሰው ነው። መልካም ጠባይን የምናሞግስበት ቃል ራሱ «ባሪያ አይደለህም» የሚል ምስክርነት ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ያሳተሙት ታሪክ እንኳ የጨዋ ልጅ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ በመውደቁ ላይ የቆመ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሥነ ጽሑፋችን ሲወለድ ያውቀው የነበረውን ነገር እኛ ስናድግ ረሳነው።

ወደ ዓረቦቹ እንሂድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ልጅ ከጊቤ ማዶ ተነስታ ቀይ ባሕርን ስትሻገር መንገዱን አስቡት። የያዛት የጎረቤት ንጉሥ ዘማች፣ አፋኝ ወይም ራብ የጠናበት ዘመድ ነው። የገዛት ነጋዴ ጅማ ሂርማታ ገበያ ያደርሳታል። ከዚያ ወይ በጎጃም ባሶ፣ በጎንደርና በመተማ አድርጋ ወደ ሱዳን፣ ወይ በሸዋ አልዩ አምባ አድርጋ ወደ ታጁራ ትወርዳለች። መነሻው ላይ በአሞሌ ጨው የተሸጠችው ልጅ ወደ ባሕሩ ስትቃረብ በጠገራ ብር ትገመታለች። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልባታል፤ ቀረጡ የሚገባው ለባላባቱ፣ ለራሱ፣ ለንጉሡ ነው። የዓረቡ ነጋዴ ጀልባ የመጨረሻዋ ምዕራፍ ናት። ከሷ በፊት ያሉት ምዕራፎች ሁሉ የኛ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ደግሞ ሁሉም ልጅ ባሕር አይሻገርም ነበር። ብዙው እዚሁ ቀርቷል፣ እዚሁ ፈጭቷል፣ እዚሁ ውሃ ቀድቷል።

ሃይማኖትስ? «ሃይማኖታችን ከልክሎ ነበር» የሚሉ አሉ። ምኑን እንደከለከለ ግን አይነግሩንም። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገራል። ወረድ ብሎ ግን በጦርነት የተማረከ ባሪያ እንዲሆን በሩን ይከፍታል፤ ክርስቲያን ባሪያም ለማያምን እንዳይሸጥ ያዛል። ሙግቱ «ሰው ይሸጣል ወይ?» ሳይሆን «ለማን ይሸጣል?» ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ጌታ መሸጡን ለሙስሊም ነጋዴ ትቶ፣ መግዛቱንና ቀረጥ መሰብሰቡን ያዘ። ንጽህና በዚህ መልክ ይገኝ ነበር! እስልምናም በበኩሉ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግ ከልክሎ ከእምነቱ ውጭ ያለውን ተወው። እስልምና በነጋዴዎች በኩል በገባባቸው የጊቤ መንግሥታት፣ እንደ ሊሙ እናርያ ባሉት፣ ገበያውና መስጊዱ አብረው አደጉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ደግሞ ወንዶች ልጆች ወሽሉ በምትባል ስፍራ እንደሚሰለቡ፣ ከዚያም ሐዲያ ተወስደው እንደሚታከሙ ይነግረናል። ነጋዴው ራሱ አይሰልብም፣ ሃይማኖቱ ይከለክለዋል፤ የተሰለበውን ግን በውድ ዋጋ ይሸጣል። ሁለቱም እምነቶች መስመር አስምረዋል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው፣ «ሻንቅላ» የተባለው፣ «አረመኔ» የተባለው ሰው ለሁለቱም ገበያ ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የኮንጎው ክርስቲያን ንጉሥ ቀዳማዊ አፎንሶ በ1526 ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴዎች ሕዝቤን፣ የመኳንንት ልጆችን ሳይቀር እየወሰዱ ነው ብሎ አምርሮ ከሷል። ደብዳቤው ዛሬ ባርነትን እንደተቃወመ ሰነድ ይጠቀሳል። አፎንሶ ግን ቀጥሎ ያደረገው የሚሸጡት ሰዎች «በአግባቡ» ባሪያ የሆኑ መሆናቸውን የሚያጣሩ ሹሞችን መሾም ነው። ያንገበገበው የጨዋው መሸጥ ነበር። እኛም ጨዋው ሲሸጥ ብቻ ነው የጮህነው።

«ነገሥታቶቻችን በአዋጅ ከልክለዋል» ለምትሉ፦ አዎ፣ ከልክለዋል። ቴዎድሮስ ከልክለዋል። ዮሐንስ በ1884 ከእንግሊዝ ጋር ውል ፈርመዋል። ከዚያም ሌላ አዋጅ፣ ሌላ አዋጅ። አንድ ነገር አሥር ጊዜ ከተከለከለ ዘጠኙ ጊዜ አልቆመም ማለት ነው። ዓድዋ በ1896 ነው። በዓመቱ፣ በ1897፣ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ሀገሩ ሲወረር ብዙ ካፋዎች ለባርነት ተነዱ። የካፋ ነገሥታትም ቢሆኑ ከዚያ በፊት ሰው ሲሸጡ ኖረዋል፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ንጹሕ ዙፋን ፈልጌ አጥቻለሁ። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስንገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባን፤ በ1924 ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። ከዓድዋ 46 ዓመት በኋላ! የጥቁር ሕዝብ ነጻነት ምልክት በነበረችው ሀገር።

ጣሊያኑ? ሙሶሊኒ ባርነታችንን ሰበብ አድርጎ በመርዝ ጋዝ ፈጅቶናል። ሌባ ቤት ሲገባ «እዚህ ቤት ልጅ ይደበደባል» ብሎ ቢጮህ ሌብነቱ አይሰረይለትም። የልጁ ጀርባ ላይ ያለው ሰንበርም ሌባ ስላየው አይጠፋም። እኛ ግን ለዘጠና ዓመት ያህል የሌባውን ስም እየጠራን ጀርባውን ሸፍነን ኖርን።

ሸፍነነው ማንን አጣን? አናሲሞስ ነሲብ በአራት ዓመቱ ገደማ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ልጅ ነው፤ ምጽዋ ላይ በ1870 ነጻ ወጥቶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አብራው የሠራችው አስቴር ገኖም ባሪያ ነበረች። በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኦስፕሬይ ከባሪያ ጫኝ ጀልባዎች ያስጣላቸው የኦሮሞ ልጆች ኤደን ተወሰዱ፤ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ። ማን እንደያዛቸው፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በየት እንዳለፉ እየተጠየቁ ቃላቸው ተመዘገበ። እስቲ ይህን ከኛ መማሪያ መጻሕፍት ፈልጉልኝ። ከነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን ሮበን ደሴት ላይ አሥር ዓመት ታስሯል። ማንዴላን እናውቃለን። የኛን የልጅ ልጅ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

«ያለፈ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል ካለ ጋሞ ደጋ ወጥቶ ይጠይቅ። እዚያ የባሪያ ዘር የተባለን ሰው ከጨዋ ዘር ጋር የማያጋባ ልማድ ዛሬም አለ። አብሮ የሚማር፣ አብሮ የሚነግድ፣ በአንድ ቸርች አብሮ የሚዘምር ልጅ ትዳር ሲጠይቅ ሽማግሌ ይቀመጥና ዘር ይቆጠራል። አያቱ ተሽጠው እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። የሸጣቸውን ሰው ዘር ግን ማንም አይቆጥርም።