ለእህቴ የመጣው ደብዳቤ

ለንደን የምትኖረው ታናሽ እህቴ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ባለፈው ክረምት በወሬያችን መሀል፣ «ደግሞ ያ ደብዳቤ መጣብኝ» ብላ አማረረች። ዕዳ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ጊዜሽ ደርሷል የሚል ነው። «ላንቺ አይመጣልሽም እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ። ሳቅሁ። 47 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ይህን ምርመራ ግን አድርጌ አላውቅም። ደብዳቤ ቀርቶ «ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስልኩን ስዘጋ ያሳደገችን አክስታችን ትዝ አለችኝ። እቴቴ ካረጠች ከዓመታት በኋላ እንደገና ደም ይፈስሳት ጀመር። «እርጅና ነው» ብላ ጨርቋን ሌሊት እያጠበች ደበቀችን። የነገረችን የወገቧን ሕመም መቻል ሲያቅታት ነው። ሐኪሙ ካያት በኋላ ኮሪደር ላይ ጠርቶን፣ «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት!» አለን። ዓመት ሳይሞላ ቀበርናት።

ይህ ሁሉ የዕድል ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ጥናቶቹ የሚሉት ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በማህፀን በር ካንሰር 350 ሺሕ ያህል ሴቶች ሞተዋል። ከ100ው 94ቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታውን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሂውማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ በሀብታሙም በድሃውም አገር አለ። አብዛኞቹ ሴቶች ላይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ የሰውነታቸው የመከላከል አቅም በደከመ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። በእነዚያ ዓመታት ምንም አያምም። እህቴና እኔ የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሴቶቿን በየስማቸው እየጠራች ትመረምራለች። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት ከ100 ሦስት አይሞሉም ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ሁለት ወር ቆየሁ። አንድ ቀን እንግዳ፣ ሌላ ቀን ልቅሶ እያልኩ አመካኘሁ እንጂ እውነቱ ሀፍረትና ፍርሃት ነው። ስሄድ የመረመረችኝ ሲስተር የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ናት። «አይዞዎት እናቴ» እያለች የማህፀኔን በር አቼቶ የመሰለ ፈሳሽ ቀባችው፤ ትንሽም ጠበቀች። ነጣ ያለ ነገር አየች። ላብ አሰመጠኝ። «ካንሰር አይደለም፤ ዝም ቢባል ግን ቆይቶ ሊሆን ይችላል» አለችና እዚያው በሙቀት በሚሠራ መሣሪያ አከመችኝ። ማታ ቤቴ ሽሮ ሠርቻለሁ። በዓመቱ ተመልሼ እታያለሁ።

ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ፣ ከዚህ በፊት የመጡ ሁለት ደብዳቤዎችን መሳቢያ ውስጥ ከትታ እንደተወቻቸው ነገረችኝ። ሥራው ፋታ አይሰጥም፤ ደግሞ ወንድ ሐኪም ቢያጋጥመኝስ ትላለች። እሷ ብቻ አይደለችም። እንግሊዝ ውስጥም በድሃ ሰፈር የሚኖሩና ከሌላ አገር የሄዱ ሴቶች ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር እንደሚመረመሩ የአገሩ ጥናቶች ያሳያሉ። በዚያው ሳምንት ሴት ባለሙያ እንድታያት ጠይቃ ቀጠሮ ያዘች።

እናቶች፣ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ሳያማችሁ ሂዱ። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ደግሞ ቀደም ብላችሁ መጀመር ስላለባችሁ የሚከታተላችሁን ባለሙያ ጠይቁ። አያቶች፣ ካረጣችሁ በኋላ የሚፈስ ደም የእርጅና ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ለልጆቻችሁ ንገሩ። አባቶችም «ምን ሆነሽ ነው የምትመረመሪው?» ከማለት ቤቱን አንድ ቀን ይዛችሁ አብቁዋት። ለሴት ልጆቻችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአገራችን የሚሰጥ መከላከያ ክትባት አለና ትምህርት ቤት ሲጠይቃችሁ እምቢ አትበሉ።

እኔን የጠየቀችኝ እህቴ ናት። እቴቴን የጠየቃት አልነበረም። እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ ሚስታችሁን፣ እህታችሁን «ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» በሏት።

ቸር እንሰንብት።