የክፉው ዘመን ልብ ወለድ ጀግና የማን ወገን ነው?

ሥነ ጽሑፍም ሆነ ፊልም ከበቀለበት ኅብረተሰብ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል የታወቀ ነው። ሆኖም ገና ያልመጣ ዘመንን የሚተርኩ ሥራዎች ሲቀርቡ ይህ ቁም ነገር በቀላሉ ይዘነጋል። «ዲስቶፒያ» በመባል የሚታወቀው የልብ ወለድ ዘርፍ ጭቆና የመጨረሻ ጫፉ ላይ የደረሰበትን፣ ሰው እስከ ውስጥ ሐሳቡ ድረስ በቁጥጥር ሥር የዋለበትን ክፉ ዘመን ያሳያል። አንባቢና ተመልካች ስለ ማሽኑና ስለ ስለላ መሣሪያው ብዙ ይነጋገራል። እኛ ግን ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው እንላለን። ታሪኩ የሚነገረን በማን ዓይን ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይስ በዚያ ሥርዓት ውስጥ እንጀራውን የሚቆርሰው ከየትኛው ገበታ ነው?

ዘርፉን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ኢቭጌኒ ዛምያቲን እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ በጻፈው «እኛ» በተሰኘ ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪው ዲ-503 የተባለ፣ ለመንግሥቱ የጠፈር መርከብ የሚገነባ መሐንዲስ ነው። የአልደስ ሃክስሊ በርናርድ ማርክስ (1932) ከበላይኛው የአልፋ መደብ የሚመደብ ባለሙያ ነው። የጆርጅ ኦርዌል ዊንስተን ስሚዝ (1949) በእውነት ሚኒስቴር ተቀምጦ የድሮ ጋዜጦችን ለገዥው ፓርቲ እንዲስማሙ አድርጎ የሚከልስ ጸሐፊ ሲሆን፣ የሬይ ብራድበሪ ጋይ ሞንታግ (1953) ደግሞ ሥራው መጻሕፍትን ማቃጠል የሆነ የእሳት ጓድ ባልደረባ ነው። አራቱም የጭቆናው ደመወዝተኞች ናቸው። ይህም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጨቋኝ ሥርዓት በጠመንጃ ብቻ አይቆምም፤ የሚለካለት፣ የሚመዘግብለት፣ የሚጽፍለትና የሚያቃጥልለት እጅ ያስፈልገዋል። ጸሐፊዎቹ ይህን አጥርተው በማየታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። የዛምያቲንና የኦርዌል መጻሕፍት በሶቪየት ኅብረት እስከ 1980ዎቹ መገባደጃ ድረስ እንዳይታተሙ መከልከላቸውም፣ ነገሩ የሚመለከታቸው ወገኖች መልእክቱን በሚገባ ተረድተውት እንደ ነበር ያመለክታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከደመወዝተኛው በታች ያለውስ ሰፊ ሕዝብ የት ነው? በኦርዌል መጽሐፍ «ፕሮል» እየተባለ የሚጠራው ሠራተኛ ከጠቅላላው ሕዝብ 85 በመቶ ነው። ዊንስተን ተስፋ ካለ ያለው በእነዚህ ሰዎች ዘንድ መሆኑን በድብቅ ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። ከዚያም አንድ ቀን ወደ መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ አዛውንት ያገኛል። ከአብዮቱ በፊት የነበረው ኑሮ ከዛሬው ይሻል ነበር ወይ እያለ ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል። ሽማግሌው የሚመልሱት ስለ ቢራ መለኪያ ነው፤ ግማሽ ሊትሩ አያረካም፣ ሙሉው ደግሞ ይበዛል፣ የዱሮው ልክ ግን ልክ ነበር ይላሉ። ዊንስተን ከዚህ ሰው ቁም ነገር አይገኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። እኛ ግን የሳቱት ሽማግሌው አይደሉም እንላለን። ጠያቂው ከቢሮ የያዘውን መጠይቅ ይዞ መጣ፤ ተጠያቂው በራሳቸው ኑሮ መለኪያ መለሱለት። ከሥራ በኋላ የሚጠጣው ነገር እንኳ ከላይ በመጣ ትእዛዝ መለወጡ ስለ ጭቆና የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ። በመስኮት ቁልቁል እያየ የሚያደንቃትንም ልብስ አጣቢ ሴት ዊንስተን አንድ ቀን ወርዶ እንደምን ዋልሽ አላላትም።

ይህ የዊንስተን እንጂ የኦርዌል ድክመት አይደለም የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1936 በሰሜን እንግሊዝ ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ዘንድ ሰንብቶ ኑሯቸውን የጻፈ ሰው በመሆኑ ክርክሩ ዋጋ አለው። ቢሆንም ከእነዚያ 85ቱ መካከል የራሱ ዕቅድ ያለው፣ ከጓደኛው ጋር የሚመክር አንድ ሠራተኛ እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘንም።

ከዚህ የባሰው ጀግናው ከገዥው ቤት ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1927 በበርሊን ለሕዝብ የቀረበው የፍሪትስ ላንግ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ሠራተኞቹ ከምድር በታች፣ ባለጸጎቹ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች የሚኖሩባትን ከተማ ያሳያል። አቀራረቡ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው። ጀግናው ፍሬደር ግን የከተማይቱ ጌታ ልጅ ነው። ሠራተኞቹ በሰው ሠራሽ ሴት ተታለው ማሽኑን ይሰባብራሉ፤ የገዛ ሠፈራቸው በውሃ ይጥለቀለቃል፤ የረሷቸውን ልጆች የሚያድኑት የጌታው ልጅና አጋሮቹ ናቸው። በፍጻሜው ፍሬደር የአባቱንና የሠራተኞቹን አለቃ እጅ ለእጅ ያጨባብጣል፤ ከዚያ በኋላ አሥር ሰዓት ስለሚፈጀው ፈረቃ የሚነገር የለም! ላንግ ራሱ ኋላ ላይ ይህን ፍጻሜ እንዳልወደደው ተናግሯል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥቃዩ ተወስዶ ባለ ሥቃዩ ይቀራል። ማርጋሬት አትዉድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው «የደንገጡሯ ታሪክ» በሚል ሊተረጎም የሚችለው ልብ ወለድ ጠንካራ ሥራ ነው። ተራኪዋ ኦፍሬድ ትባላለች፤ የፍሬድ ንብረት ማለት ነው። ማንበብ ተከልክላለች፤ ልጇን ተነጥቃለች፤ ለጌታዋ ልጅ እንድትወልድ ተመድባለች። ደራሲዋ በታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ ያልተፈጸመ ነገር አልጨመርሁም ማለቷ ይታወቃል። እርግጥ ነው። ይህ ሁሉ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ በገሃድ ተፈጽሟል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሪያን ማንበብ ማስተማር በበርካታዎቹ ግዛቶች በሕግ ያስቀጣ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ጥቁሮቹ «የካም ልጆች» ተብለው ወደ ሌላ ስፍራ መጋዛቸው በዜና መልክ ተጠቅሶ ይታለፋል።

የቤት ሠራተኛ ልጅ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ኦክቴቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው «የዘሪው ምሳሌ» ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ነው። ሎረን ኦላሚና የተባለችው ልጃገረድ ሠፈሯ በእሳት ሲወድም በአውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን ትጓዛለች፤ ብቻዋን ግን አትደርስም። በየመንገዱ ሰው ይቀላቀላታል፤ ከእነርሱም መካከል ከዕዳ ባርነት ያመለጡ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል፤ እርስዋም ትሰማለች። ለመጠጥ ቤቱ ሽማግሌ ያልተሰጠው ጆሮ እዚህ ተገኝቷል።

ጀግናው ከታችኛው ወገን መሆኑ ብቻውን በቂ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ኮሪያዊው ቦንግ ጁን-ሆ በ2013 በሠራው «ስኖውፒርሰር» ውስጥ፣ በበረዶ በተሸፈነች ምድር ላይ ያለማቋረጥ የሚሮጥ ባቡር አለ። ድሆቹ በኋለኛው ፉርጎ ታጭቀው ከነፍሳት የተሠራ ምግብ ይበላሉ። ከእነርሱ የወጣው ከርቲስ ፉርጎ በፉርጎ እየሰበረ እስከ ሞተሩ ይደርሳል። እዚያም አመፁን ራሱ የባቡሩ ጌታ፣ የሕዝቡን ቁጥር ለመቀነስ፣ ከኋለኛው ፉርጎ ሽማግሌ ጋር እንደ ተስማማበት ይነገረዋል፤ የጌታውንም ወንበር ውረስ ይባላል። ይህን ጊዜ ነው ሌላው መንገደኛ ከመነሻው ሲያስብበት የነበረው ጉዳይ ትርጉም የሚያገኘው፤ የእርሱ ዓይን ያረፈው በሞተሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውጭ በሚያስወጣው በር ላይ ነበር።

የሱዛን ኮሊንስ «የረሃብ ጨዋታዎች» (2008) ለወጣቶች የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ሐያስያን በንቀት አልፈውታል፤ ስሕተት ይመስለናል። ካትኒስ አባቷን በማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ያጣች የከሰል ቆፋሪ ልጅ ናት። አማፂያኑም ሳይቀሩ ለቅስቀሳ ፊልም መሣሪያ ያደርጓታል፤ በመጨረሻም ቀስቷን የምትለቀው ሥልጣን በጨበጠችው የአማፂያኑ መሪ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከታሪኩ ውስጥ ወደ እውነተኛው ዓለም የተሻገረው ቀስቷ አይደለም። በታናሽ እኅቷ ፈንታ ለሞት ስትቀርብ አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ አላጨበጨበም፤ ሦስት ጣቱን ከከንፈሩ አንሥቶ ወደ ላይ ዘረጋ። ምልክቱ የእርሷ ፈጠራ ሳይሆን ቆፋሪዎቹ ሟቻቸውን የሚሰናበቱበት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታይላንድ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ይህንኑ ሦስት ጣት ያነሡ ሰዎች ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ተከታዩ ፊልም ሲወጣ በባንኮክ አንድ የሲኒማ ድርጅት ማሳየቱን ሰረዘ። በ2021 ደግሞ በምያንማር ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ሐኪሞች፣ መምህራንና የፋብሪካ ሠራተኞች በየጎዳናው ያንኑ ምልክት አነሡ። ከፊት የቆመች ካትኒስ አልነበረቻቸውም።