መልሱ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ፖለቲካ ለመጻፍ አይደለም። ስለ አንድ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ ነው።

አንድ ምሽት ከሥራ ደክሜ እንደገባሁ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው ከ100 ላይ 63 ቀንሱ ይላል። እኔም አገር ቤት እንደተማርኩት «ከዜሮ ላይ 3 አይቀነስም፤ ከጎረቤት እንበደር፤ ጎረቤቱም ዜሮ ስለሆነ ከወዲያኛው እንበደር» እያልኩ 37 አወጣሁላት። እሷ ግን «አባዬ፣ መምህራችን እንዲህ አይደለም ያስተማረችን» አለችኝ። ተናደድኩ። «ሒሳብ የትም አገር ሒሳብ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ደብተሯን ወደ እኔ ማምጣት ተወች።

ኋላ ራሴ ለምኛት አስረዳችኝ። ከ63 ተነሥታ 7 ስትጨምር 70 ትደርሳለች። በ70 ላይ 30 ስትጨምር 100 ይሞላል። 7 እና 30 ሲደመሩ 37። ሳቄ መጣ። የመርካቶ ባለሱቅ መልስ የሚሰጠን እንዲሁ አልነበረም እንዴ? የ63 ብር ዕቃ ገዝተን መቶ ብር ስንሰጠው፣ እርሳስ ሳያነሣ «ሰባ፣ መቶ» እያለ እጃችን ላይ ይቆጥርልን ነበር። የፈረንጅ ነገር ብዬ የተቆጣሁት ለካ የኛው የሱቅ ሒሳብ ኖሯል።

እዚህ አሜሪካ በ2010 ወጥቶ አብዛኞቹ ስቴቶች የተቀበሉት «ኮመን ኮር» የተባለው መመዘኛ፣ ልጆች አስቀድመው የአንድና የአሥር ቤትን ትርጉም እንዲረዱ ይፈልጋል። እኛ የምናውቀውን ወደ ታች ደርድሮ መደመርና መቀነስ አቀላጥፈው እንዲሠሩ የሚጠብቀው በ4ኛ ክፍል ነው። ረጅሙን ማካፈል ደግሞ በ6ኛ። የኛ ዘዴ አልተጣለም፤ ተራው እስኪደርስ ነው።

«ሁለት ዓይነት አሠራር ልጅን ያደናግራል» የሚሉ ወላጆች አሉ። የራሳችንን በጩኸት ከጫንንባት እውነት ነው። አስቀድመን የሷን ከሰማን ግን ሁለቱም መንገድ 37 ላይ ሲገናኙ ታያለች፤ መልሷንም በራሷ ታረጋግጣለች።

ልጅቱ 47 ብትጽፍስ? መልሱን ብቻ ያየ ወላጅ «ስሕተት ነው፣ እንደገና ሥሪ» ይላል። አሠራሯን በየደረጃው ያየ ግን የአሥር ቤቱ 1 አበድሮ 9 መቅረቱን እንደረሳች ወዲያው ያውቃል። የጎደላት ያቺ አንዲት እርምጃ ብቻ ናት።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብለን አንሽሽ። «ጥያቄው ምን ይላል? መጀመሪያ ምን አደረግሽ? ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ አማርኛ ይበቃል። ልጆቻችንም በአማርኛ ማሰብን በዚያው ይለምዳሉ። ዛሬ ስልክ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልሱን ከነአሠራሩ ይሰጣል። ከስልክ የገለበጠ ልጅ ግን «ለምን?» ሲባል ዝም ይላል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በ100 ሲቀነስ 63 የዘጋነው በር፣ ነገ ልጃችን ከባድ ጉዳይ ሲገጥማት አይከፈትልንም። ማታ ደክመን ብንገባም ለአሥር ደቂቃ አጠገባቸው እንቀመጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቸር ይግጠመን።